«አልገባኝም» ማለትን የተማርኩበት ሴሚስተር

ባለፈው ቅዳሜ ደብረ ብርሃን፣ በተማርኩበት ሃይስኩል አዳራሽ፣ ዘንድሮ ግቢ ለሚገቡ ልጆችና ለወላጆቻቸው ያወራሁት ነው። መምጣት ያልቻሉ ልጆች በጽሁፍ ላኪልን ስላሉኝ እንዳወራሁት አድርጌ ነው የጻፍኩት፣ እዛ ቆሜ የረሳኋቸውን አንድ ሁለት ነገሮች ብቻ ጨምሬበታለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ቲቸሮቼ፣ እናንተም ታናናሾቼ፣ እንኳን ደስ አላችሁ። ይሄን ለወጉ ብዬ አይደለም የምለው። እኔ በ2015 ስፈተን በሀገር ደረጃ ከ845 ሺህ በላይ ተማሪ ተፈትኖ 50 በመቶና ከዛ በላይ ያመጣው 27,267 ብቻ ነበር፣ 3.2 በመቶ፣ ከመቶ ልጅ ሶስት ልጅ ማለት ነው። ከክፍላችን ጎበዝ የምንላቸው ልጆች ሳይቀሩ የቀሩበት አመት ነው። ስለዚህ እዚህ የተቀመጣችሁ በሙሉ ምን አልፋችሁ እንደመጣችሁ ይገባኛል፣ ያልመጣላቸው ጓደኞቻችሁንም ደውሉላቸው፣ ዛሬ ማታ ደውሉላቸው፣ እኔ አንዷን ሳልደውልላት ሁለት ወር ቆይቼ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ውጤት የወጣው መስከረም 2016 መጨረሻ አካባቢ ነበር፣ ያኔ ክልላችን ላይ ዳታ ተቋርጦ ስለነበር ራሴ ከፍቼ ማየት አልቻልኩም። አዲስ አበባ ያለችው አክስቴ ናት አይታ በስልክ ያነበበችልኝ፣ ትምህርቱን አንድ በአንድ እየጠራች፣ እማዬ ጆሮዋን ከኔ ጆሮ ጋር ለጥፋ እያዳመጠች፣ መጨረሻ ላይ እልል ስትል ጎረቤቱ በሙሉ ወጣ። ከዛ ቀን ጀምሮ ስሜ ተቀየረ ማለት ይቻላል። ሰፈር ውስጥ «ያለፈችው ልጅ» ሆንኩ። ሱቅ ስሄድ፣ ቤተክርስቲያን ስሄድ፣ «ያለፈችው ልጅ መጣች»። ደስ ይላል፣ በጣም ደስ ይላል፣ ግን ዛሬ ላወራችሁ የፈለግኩት ከእልልታው በኋላ ስለነበሩት ወራት ነው፣ ስለ መጀመሪያው ሴሚስተር፣ ምክንያቱም ማንም ስለሱ አልነገረኝም ነበር።

ምደባ ጅማ ደረሰኝ። ከዚህ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር፣ ከአዲስ አበባ ደግሞ በወሊሶ በወልቂጤ አድርጎ፣ ጊቤ በረሃን ወርዶ ወጥቶ፣ ወደ 350 ኪሎ ሜትር። እማዬ ሻንጣዬን ስታዘጋጅ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ የተፈተገ ገብስ ቆሎ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ከሁሉም ላይ ደግሞ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ፣ ያቺ ሁላችንም ቤት ያለችውን፣ ሁለት አድርጋ አሰረችልኝ። «እማ ጅማ እኮ እንደኛ ሀገር አይበርድም» ብላት «ብርድ የሌለበት ሀገር የለም» አለችኝ። አንዷን እዛ ስደርስ ለዶርሜ ልጅ ሰጠኋት። ሌላዋ እስካሁን አልጋዬ ላይ አለች።

የቡና ለቀማ ወቅት ላይ ነው የገባሁት። እዚህ ያላችሁ ቡናን የምታውቁት ከተቆላ በኋላ ወይ ጥሬውን በኪሎ ገዝታችሁ ነው አይደል፣ እኔ ግን ከመኪና ወርጄ ቀይ ፍሬው ምንጣፍ ላይ ተሰጥቶ ሳይ፣ አንዲት ሴትዮ በእጇ እያገላበጠች፣ ሽታው ደግሞ የምናውቀው የቡና ሽታ ሳይሆን እንደ ፍራፍሬ ጣፋጭ ነገር፣ እዛው ቆሜ ቀረሁ። ረጅም መንገድ መጥቼ የማውቀው የመሰለኝ ነገር ሁሉ ሌላ መልክ እንዳለው ያየሁት በዛች ደቂቃ ነው።

ዶርም ስድስት ነበርን። አንዷ የሶዶ ልጅ፣ አንዷ የነቀምት፣ አንዷ የሐረር፣ አንዷ የአዳማ፣ አንዷ የአዲስ አበባ፣ እኔ። የመጀመሪያው ማታ አልጋ ላይ ተቀምጠን ስንተዋወቅ፣ ስም፣ ሀገር፣ ስንት አመጣሽ ምናምን ስንባባል፣ ስድስታችንም ከየትምህርት ቤታችን አንደኛ ወይ ሁለተኛ ነበርን። ስድስታችንም! እኔ ከዛ በፊት አንደኛ መሆን ማለት እኔ ነኝ ብዬ ነበር የማስበው፣ ማለቴ እንደ ስሜ ነበር፣ ከሰባተኛ ክፍል ጀምሮ የያዝኩት ነገር ነው። እዛ ዶርም ውስጥ ግን ምንም አልነበረም። ያን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም፣ ቀና ብዬ የላይኛውን አልጋ ሽቦ እያየሁ ነጋ።

ትምህርት ተጀመረ። ታውቃላችሁ ከ2012 ጀምሮ አንደኛ አመት ላይ ሁሉም ሰው ፍሬሽማን ኮርስ ነው የሚወስደው፣ ናቹራል ከሆናችሁ ማትስ አለ፣ ፊዚክስ አለ፣ ሎጂክ አለ ክሪቲካል ቲንኪንግ የሚባለው፣ ኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ፣ ሳይኮሎጂ፣ የኢትዮጵያና የቀንዱ ጂኦግራፊ፣ ስፖርትም አለ። ሃይስኩል ላይ እኛ በወረቀት በእንግሊዝኛ እንማራለን ይባላል እንጂ ቲቸር የሚያስረዳን በአማርኛ ነበር፣ ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ቲቸሮቼ ይቅርታ አድርጉልኝ ግን እንዲገባን ብላችሁ እንደሆነም አውቃለሁ። እዛ ግን ክፍሉ ውስጥ ከየአቅጣጫው የመጣ ልጅ ነው ያለው፣ ግማሹ አማርኛ በደንብ አይሰማም፣ ስለዚህ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእንግሊዝኛ ነው። ሞጁሉ ፒዲኤፍ ነው፣ ስላይዱ ይሮጣል፣ ከመቶ የማናንስ ልጆች ነን፣ ቲቸሩ ዞር ብሎ «ጥያቄ አለ?» ይላል፣ ዝም። ሁላችንም ዝም። እኔ ደግሞ ዝም ብቻ ሳይሆን አንገቴን እነቀንቅ ነበር፣ እየገባኝ ነው ለማለት። ምንም ሳይገባኝ። እንደዛ አንገቴን ስነቀንቅ ስድስት ሳምንት አለፈ።

ለምን እንደማልጠይቅ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። እንግሊዝኛዬ ይሰበራል ብዬ ፈርቻለሁ፣ እሱ አንዱ ነው። ግን ዋናው ሌላ ነው፣ ያለፈችው ልጅ ናታ! ያለፈችው ልጅ እንዴት አልገባኝም ትላለች? ከ3.2 በመቶው ውስጥ ገብቼ፣ እማዬ እልል ብላልኝ፣ አሁን የመጀመሪያው ቻፕተር ላይ አልገባኝም ብል፣ የሆነ ስህተት ተደርጎ በስህተት ያለፍኩ የሚመስል ነገር ይሰማኝ ነበር። ይሄን ለማንም አልተናገርኩም። ከክፍል ወጥቼ ላይብረሪ እገባለሁ፣ ከወንበር አልነሳም፣ እስከ ሌሊት ስድስት ሰዓት እቸክላለሁ፣ ትርጉሙን፣ ምሳሌውን፣ የገጹን ቁጥር ሁሉ በቃሌ እይዛለሁ። ሰዓቱን ብትቆጥሩት ከሁሉም ሰው በላይ የማጠናው እኔ ነበርኩ።

የማትስ ሚድ፣ የሴሚስተሩ አጋማሽ ፈተና ማለት ነው፣ ከ30 ነበር። 11 አመጣሁ።

ውጤቱ ሲለጠፍ አይዲ ቁጥሬን ፈልጌ በጣቴ መስመሩን ተከትዬ ስሄድ ያለውን ስሜት እስካሁን አስታውሰዋለሁ፣ መስመሩን የሳትኩ መስሎኝ ሶስት ጊዜ መለስኩት። 11 ነው። ያን ቀን ማታ እማዬ ደወለች። «ፈተናው እንዴት ሆነ?» አለችኝ። «ጥሩ ነው» አልኳት። «ድምፅሽ ምን ሆኗል?» «ጉንፋን ይዞኝ ነው እማ።» ለእናቴ ዋሸሁ። ከዛ በኋላ ስልኳን ማንሳት መፍራት ጀመርኩ፣ ስትደውል ክፍል ነኝ እላለሁ፣ ላይብረሪ ነኝ እላለሁ። ሰው ከቤቱ የሚርቀው በኪሎ ሜትር ይመስለኝ ነበር፣ ያን ሳምንት ነው ሌላ አይነት መራቅ እንዳለ ያየሁት።

አሁን የሶዶዋን ልጅ ላምጣት። ይቺ ልጅ ከኔ ፊት ለፊት ነው የምትተኛው። ከሚዱ በኋላ አንድ ቀን ቲቸሩ እንደተለመደው «ጥያቄ አለ?» ሲል እጇን አወጣችና ተነስታ ቆማ፣ በጣም ቀላል በሆነች እንግሊዝኛ፣ አልገባኝም አለች። «የትኛው?» አላት። «እዛ ጋ፣ ሶስተኛው መስመር ላይ፣ ለምን እውነት እንደሆነ አልገባኝም» አለች። ክፍሉ ውስጥ ሰው ሁሉ ዞሮ አያት። እኔ ለሷ አፈርኩላት፣ እውነቴን ነው፣ ፊቴ ጋለ። ከዛ ቲቸሩ ወደ ሰሌዳው ተመልሶ እንደገና ማስረዳት ሲጀምር ምን አየሁ መሰላችሁ፣ እስክሪብቶ የሚያነሳው ሰው ብዛት! ከፊቴ ያለው ረድፍ በሙሉ፣ በጎኔ ያለችው ሁሉን ነገር የምታውቅ የምትመስለኝ ልጅ፣ ኋላ ያሉት፣ ሁሉም ጎንበስ ብሎ እየጻፈ ነው። ለካ ማንም አልገባውም ነበር። ሁላችንም አንዳችን የሌላችንን አንገት እያየን ስንነቀንቅ ነው የከረምነው።

ያን ቀን ከሰዓት የቲቸሩ ቢሮ ሄድኩ። በሩ ላይ ተማሪ የሚያማክርበት ሰዓት ተለጥፏል፣ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ተለጥፎ ነበር፣ እኔ የማልፍበት መንገድ ላይ ነው። ሁለት ጊዜ በሩ ጋ ደርሼ ተመለስኩ፣ ሶስተኛው ላይ አንኳኳሁ። ገብቼ «ቲቸር ምንም አልገባኝም» አልኩት። «ምኑ?» አለኝ። «ሁሉም።» ዝም ብሎ አየኝና የነገረኝ ነገር እስከዛሬ የምጠቀምበት ነው። «ሁሉም አልገባኝም ካልሽኝ ልረዳሽ አልችልም፣ ሂጂና ሞጁሉን ከመጀመሪያው አንብቢ፣ እየገባሽ ከመጣሽ በኋላ የቆመብሽ መስመር ላይ በእርሳስ ምልክት አድርጊና ያቺን መስመር ይዘሽ ነይ» አለኝ። አልተቆጣም፣ አላሞካሸኝምም።

ሄድኩ። ላይብረሪ ተቀምጬ ከገጽ አንድ ጀመርኩ። እና የሚገርም ነገር፣ የመጀመሪያዎቹ ገጾች ገቡኝ። ቻፕተር አንድ ፕሮፖዚሽናል ሎጂክ ነው፣ አረፍተ ነገሮችን ፒ፣ ኪው እያልክ ስም ሰጥተህ እውነት ወይ ውሸት መሆናቸውን በሰንጠረዥ መስራት። «እና» የሚለው ገባኝ፣ «ወይም» የሚለው ገባኝ፣ ከዛ «ከሆነ» የሚለው ላይ ስደርስ ቆመ። ፒ ከሆነ ኪው። አራት መስመር አለው። ሁለቱም እውነት ከሆኑ እውነት፣ እሺ። ፒ እውነት ሆኖ ኪው ውሸት ከሆነ ውሸት፣ እሺ። ሶስተኛው መስመር ላይ ፒ ውሸት ነው፣ ኪው እውነት ነው፣ ሰንጠረዡ ግን እውነት ይላል። እንዴት? በእርሳስ ምልክት አደረግኩበት። የሶዶዋ ልጅ የቆመችበት መስመር ነው። ስድስት ሳምንት ሙሉ «ማትስ አልገባኝም» ስል የነበረው አንድ መስመር ነበር፣ ቀጥሎ ያለው ሁሉ እሱ ላይ ስለተሰራ ነው የጨለመብኝ።

ማታ ዶርም ስመለስ ቢሮው እስኪከፈት አልጠበቅኩም፣ የሶዶዋን ልጅ ጠየቅኳት። አልጋዬ ላይ መጥታ ተቀመጠችና እንዲህ አለችኝ፣ «እኔ ዛሬ ዝናብ ከዘነበ ጃንጥላ እይዛለሁ ብዬ ቃል ገባሁልሽ እንበል። ዘንቦ ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ፣ ዋሽቻለሁ?» አልዋሸሽም። «ዘነበና ሳልይዝ ወጣሁ?» ዋሽተሻል። «አልዘነበም፣ ግን ጃንጥላ ይዤ ወጣሁ፣ ዋሽቻለሁ?» እዚህ ጋ ቆምኩ። ካልዘነበ ምን እንደማደርግ ምንም አልነገረችኝም። ቃሏን አላፈረሰችም። «አልዋሸሽም» አልኳት። «አልዘነበም፣ አልያዝኩም?» አልዋሸሽም። «በቃ» አለችኝ፣ «ይሄው ነው።»

ይሄው ነው! የሆነ ነገር ደረቴ ላይ ለቀቀኝ። እንባዬ መጣ፣ ለአንድ መስመር። እሷም ግራ ገብቷት «ምን ሆንሽ?» ስትለኝ ያን ጊዜ ነው 11 እንዳመጣሁ የነገርኳት። እሷ ስንት አመጣች መሰላችሁ፣ 14። እኔ ከሷ ውጤት ይልቅ የገረመኝ ምንም ሳታፍር መናገሯ ነው፣ «14፣ ፋይናል ላይ እመልሰዋለሁ» አለች፣ እንደ አየር ሁኔታ ነው የተናገረችው።

ከዛ ቀን በኋላ እርሳሷ ከኪሴ አልወጣችም። ሁሉም ነገር ላይ ማድረግ ጀመርኩ። እስኪ ገንዘብን ልንገራችሁ፣ እማዬ በቴሌብር የምትልክልኝ ሁለት ሳምንት ሳይሞላው ያልቅና «ብር አይበቃኝም» እያልኩ እጨነቅ ነበር፣ የት እንደሚሄድ ግን አላውቅም። ደብተር ላይ መጻፍ ስጀምር የቆመበት መስመር ተገኘ፣ ላውንጅ ነው፣ በቀን ሁለቴ ማኪያቶ፣ ብቻዬን ላለመሆን ነበር የምሄደው። ብሩ አልነበረም ያነሰኝ፣ አብሮኝ የሚቀመጥ ሰው ነው። ከዛ የጀበና ቡና ከግቢው በር አጠገብ ከምታፈላ እናት ጋ መሄድ ጀመርኩ፣ በዋጋም ይሻላል፣ ወሬም አለ።

እሷን አዴ ነው የምላት፣ እዛ አካባቢ ትልቅ ሴት በአክብሮት ስትጠራ እንደዛ ነው። አማርኛ ትችላለች ግን እኔን ኦሮምኛ ልታስተምረኝ ወሰነች፣ እኔ ሳልጠይቃት ማለት ነው። አካም ጅርታ፣ ገለቶሚ፣ መቃ፣ እያለች በየቀኑ አንድ አንድ። ቶሎ ስታወራኝ ግራ ሲገባኝ ታየኝና አንድ ቀን «ካልገባሽ ናፍ ህን ገሌ በይ» አለችኝ። ምን ማለት ነው ስላት፣ «አልገባኝም ማለት ነው፣ ገሌ ገባ ነው፣ ቤት ገባ እንደሚባለው» አለችኝ። ቡናዬን ይዤ ቀረሁ። እኛም ጋ እኮ እንደዛው ነው፣ ገባኝ፣ አልገባኝም፣ ቤት እንደሚገባ። በሁለቱም ቋንቋ ነገሩ በር ላይ ቆሟል ነው የምንለው፣ በር ላይ የቆመ ደግሞ ግባ እስኪባል ይጠብቃል እንጂ አልሄደም። እኔ አልገባኝም ስል አልችልም ማለት ይመስለኝ ነበር፣ ቃሉ ራሱ ግን እንደዛ አይልም።

አሁን ሶስተኛ አመት ነኝ፣ ጤና ነው የማጠናው፣ የኛ ዩኒቨርሲቲ ተማሪን በግሩፕ በግሩፕ አድርጎ ቀበሌ ውስጥ እያስገባ ነው የሚያስተምረው፣ ሲቢቲፒ ይባላል፣ ቤት ለቤት ሄደን ስለ ውሃ፣ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ ክትባት እንጠይቃለን። አንዷ አዛውንት ስለ ልጅ ልጃቸው በኦሮምኛ በፍጥነት ሲነግሩኝ «ናፍ ህን ገሌ» ስላቸው ሳቁና እጄን ይዘው ልጁ ጋ ወሰዱኝ፣ በእጃቸው እያሳዩ ከመጀመሪያው ጀመሩልኝ። ሌላው ያገኘነው መረጃ በሙሉ ከወረቀት ነው፣ የዛን ልጅ ነገር ግን እስካሁን አስታውሰዋለሁ።

ዶርም ውስጥም ነገር ነበር፣ ሁሉም ዶርም ውስጥ ይኖራል፣ እናንተም ጋ ይመጣል። ከአዲስ አበባዋ ልጅ ጋር ተኳረፍን። ስምንት ቀን። ስምንት ቀን ሙሉ አንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ በር እየወጣን እየገባን፣ አንነጋገርም። እኔ በልቤ «ይቺ ልጅ ሰው አትወድም» ብዬ ደምድሜያለሁ። ሎጂክ ኮርስ ላይ ደግሞ ያኔ ፋላሲ፣ የተሳሳተ የክርክር መንገድ ማለት ነው፣ እየተማርን ነበር፣ ነገሩን ትተህ ሰውየውን ማጥቃት የሚባለው ላይ ስንደርስ ቲቸሯ ምሳሌ ስትሰጥ ራሴን አየሁት። ሰው አትወድም ስል የከረምኩት ነገሩ ምን ስለሆነ ነው? በእርሳስ ሳሰምርበት አንድ ነገር ነው፣ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ መብራት ታበራለች። አለቀ። ሄጄ «ሌሊት መብራቱ ሲበራ እንቅልፍ አይወስደኝም» አልኳት። «ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም? የተኛሽ መስሎኝ እኮ ነው» አለችኝ። በነጋታው ከአንዷ ሲኒየር የጠረጴዛ ባትሪ መብራት ተውሳ መጣች። በነገራችን ላይ የሀገራችን ጉዳይ ዶርም ውስጥ ይነሳል፣ ሁላችንም ከተለያየ ቦታ፣ ሁላችንም የተጎዳ ዘመድ ያለን ልጆች ነን፣ እኔ ስለዛ ብዙ የምመክረው የለኝም፣ አንዲት ነገር ብቻ፣ እኛ ዶርም «እናንተ» የሚለውን ቃል ከለከልን። «አንቺ» በይ ወይ «እኔ» በይ፣ «እናንተ» የለም። እሱ ብዙ ነገር አድኖናል።

የገናን በዓል ግቢ ነው ያሳለፍኩት። በዋዜማው ማታ ነጠላዬን ለብሼ ቤተክርስቲያን ስሄድ የሐረሯ ልጅ፣ ሙስሊም ናት፣ እስከ በሩ ሸኘችኝ፣ በነጋታው ስመለስ ዳቦና ሙዝ ገዝታ ሎከሬ ላይ አስቀምጣለች። ዳቦ ቆሎዬን አውጥቼ ስድስታችን ጨረስነው። ያን ቀን ነው ለእማዬ የደወልኩት፣ እኔ ራሴ። «እማ ልንገርሽ የምፈልገው ነገር አለ፣ ማትስ ከ30 11 ነው ያመጣሁት፣ ጥሩ ነው ያልኩሽ ውሸት ነበር» አልኳት። ዝም አለች። መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ «እማ?» ስላት «አለሁ» አለች። ከዛ ምን አለችኝ፣ «የመጀመሪያ እንጀራሽን ታስታውሻለሽ? አይን አልነበረውም። ምጣዱ ላይ ተጣብቆ ስታለቅሺ እኔና አባትሽ በማንኪያ እየፋቅን በላነው እኮ። ማን ጣለው?» አለችኝ።

ወላጆች፣ ይሄን ለናንተ ብዬ ነው ያመጣሁት። ልጃችሁ ስትደውሉለት መጀመሪያ ውጤት አትጠይቁት። ምን በላህ በሉት፣ ከማን ጋር ቡና ጠጣሽ በሏት፣ ዛሬ ምኑ አስቸገረሽ በሏት። ልጅ የሚዋሸው እናንተን ስለናቀ አይደለም፣ እልልታችሁን እንዳይሰብርባችሁ ስለሚሳሳ ነው፣ እኔ እንደዛ ነበርኩ። የመጀመሪያው ሴሚስተር ላይ ያ ፍርሃት ሲከማች ትምህርቱን ጥለው ወደ ቤት የተመለሱ ልጆች አውቃለሁ፣ ጭንቅላት አጥተው አይደለም።

ፋይናል ደረሰ። ከሚዱ እስከ ፋይናል የሶዶዋ፣ የሐረሯ፣ እኔና የነቀምቷ ልጅ ላይብረሪ ሳይሆን ባዶ ክፍል ፈልገን ነበር የምናጠናው፣ ሰሌዳ ያለበት፣ ምክንያቱም አንዳችን ቆመን ለሌሎቹ ማስረዳት ነበረብን። ህጉ አንድ ነው፣ የምታስረዳውን ልጅ እያዳመጥሽ ሳይገባሽ አንገትሽን መነቅነቅ የለም። የጃንጥላውን ነገር ለሐረሯ ልጅ ያስረዳኋት እኔ ነኝ። ኮምፕሌክስ ነምበር ላይ ደግሞ እኔ ስቆም የነቀምቷ ልጅ ከመቀመጫዋ ተነስታ ጠመኔውን ከእጄ ወሰደችና ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር አሰመረች፣ አንዱ የምናውቀው ቁጥር ነው፣ አንዱ ደግሞ ወደ ላይ የሚሄድ፣ «ቁጥሩ ቦታ ነው፣ አድራሻ ነው፣ ወደ ጎን ስንት፣ ወደ ላይ ስንት» አለችኝ፣ ገባኝ። ማትስ ቢ አመጣሁ። ጂፒኤዬ 3.38 ሆነ። ፊልድ የሚደርሰን በነጥባችን ስለሆነ ይሄ ቀላል አልነበረም፣ የፈለግኩትን ጤና አገኘሁ። የሶዶዋ ልጅ ማትስ ኤ አመጣች። እንዳለችውም መለሰችው።

የምትይዙትን ነገር ለምትጠይቁኝ፣ ቁልፍ ያዙ፣ ሎከራችሁ ቁልፍ ላይኖረው ይችላል። ኮፒ ያዙ፣ የአስራ ሁለተኛ ሰርተፊኬት፣ ጉርድ ፎቶ በዛ አድርጋችሁ፣ ሬጅስትራር ላይ ያስፈልጋችኋል። ኮስት ሼሪንግ የሚባል ፎርም ትሞላላችሁ፣ ዝም ብላችሁ አትፈርሙ፣ አንብቡት፣ ተመርቃችሁ ስራ ስትይዙ የምትከፍሉት ገንዘብ ነው። ሴቶች፣ ለሴት ተማሪዎች ቱቶሪያል ይሰጣል፣ ለሰነፍ ነው የሚሏችሁን አትስሙ፣ እኔ ሁለተኛ ሴሚስተር ፊዚክስ ላይ ገብቼ በጣም ጠቅሞኛል። ብርድ ልብሳችሁንም ያዙ፣ ሁለት ካላችሁ ሁለቱንም።

እዚህ ጋ ላቁም፣ ጥያቄ ካለ።

(መጀመሪያ ማንም እጅ አላወጣም። ትንሽ ዝም ብዬ ጠበቅኩ። ከዛ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ የትምህርት ቤቱን ሹራብ የለበሰች ልጅ እጇን ግማሽ አወጣች፣ አወረደች፣ እንደገና አወጣች። «እህቴ፣ የጃንጥላው ነገር» አለች፣ «አልዘነበም ግን ይዛ ወጣች ያልሽው ጋ። እሱ ጋ አልገባኝም።» ከጠረጴዛው ላይ ጠመኔ አነሳሁና ወደ ሰሌዳው ሄጄ አራቱን መስመሮች መጻፍ ጀመርኩ። ዞር ስል ከፊት ያሉት ሁለት ወንዶች ደብተራቸውን እየከፈቱ ነበር።)